ከቴሌቪዥን ያወጣኋት ሮማን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ጂን፣ መንፈስ፣ ጥላ የሚባል ወሬ ሲነሳ ከማያምኑት ብቻ ሳይሆን ከሚያሾፉት ወገን ነበርኩ፣ ሥራዬም ቢሆን አይፈቅድልኝም። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ አጣቢ ነበርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖል አብርቶ የሚውል ሰው ጨለማ ቢፈራ በምን ይበላል? ደንበኞች «ፎቶዬ ላይ ከጀርባዬ ነጭ ነገር ቆሟል» እያሉ ሲመጡ «እማማ፣ ካሜራው ብርሃን አስገብቶ ነው፣ ጂን ፎቶ ቤት ምን ይሠራል» ብዬ አስቄ የምሸኛቸው እኔ ነበርኩ፣ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ሲወጣም ፊልሙ ሳይዞር ሁለቴ ተነስቶበት መሆኑን እያስረዳሁ አረጋጋ ነበር። ለሁሉም መልስ ነበረኝ ስልህ እመነኝ። ለዚህኛው ግን ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ መልስ አጥቻለሁ፣ አንተ ካገኘህለት ንገረኝ።

ጌታሁን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ጓደኛ ማለት ራሱ ያንሰዋል። አባቶቻችን ሁለቱም የምድር ባቡር ሠራተኞች ነበሩ፣ ለገሀሬ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ብስክሌት በየተራ፣ በኋላም አንድ ፎቶ ቤት። እሱ ፊት ለፊት ሆኖ ያነሳል፣ እኔ ጓዳ ሆኜ አጥባለሁ። ሰው ማሳቅ ስለሚችልበት ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ይህም አይከፋኝም ነበር፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ያህል የዋህ እንደነበርኩ ተመልከት። ሮማንን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ ቀን እንኳ ሽማግሌዎቹን በጋሪ ጭኖ ያደረሰልኝ፣ እሺ እስኪባል ድረስም ደጅ ቆሞ የጠበቀልኝ ጌታሁን ነበር። ያን ቀን ከእኔ ይልቅ እሱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፣ ለእኔ ተጨንቆ መስሎኝ።

ሮማን የእትዬ ዘነበች ልጅ ናት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር፣ ከሥራ ውጪ ደግሞ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ተወዛዋዥ ናት። ጠይም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ያቺ ዝምተኛ የት እንደምትገባ እንጃ፣ የኦሮሞውንም የሶማሌውንም የጉራጌውንም ስትጫወተው ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ስለ ባሕር መጠየቅ ትወድ ነበር፣ ባሕር ምን ይሸታል፣ የጅቡቲ ሙቀት ከእኛ ይብሳል ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። «ድሬ ጠበበችኝ አቦ» ስትለኝ «ስንጋባ ሰፋ ያለ ቤት እንከራያለን» ብዬ እመልስላት ነበር። እሷ ስለ ቤት አልነበረም የምታወራው።

እንግዲህ የቀበሌያችን ኪነት አዲስ አበባ ሄዶ በቴሌቪዥን እንዲታይ ተመረጠ፣ ሰፈሩ አበደ። ቴሌቪዥን ያኔ በየቤቱ የለም፣ እኛ ጋ ያለው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ እሱም በእንጨት ሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ በሊቀመንበሩ ኪስ የሚኖር። የሰፈር ልጅ በዚያ ሣጥን ውስጥ ሊታይ ነው ሲባል ምን ያህል እንደተደሰትን አስበው። እኔ በበኩሌ ፈቃድ ወስጄ ከቡድኑ ጋር ለመሄድ ቆርጬ ነበር፣ ሮማንም ጉዞዋን ጨርሳ ስትመለስ ነው ሰርጋችን። ለጌታሁን ይህን ብነግረው የያዘውን ካሜራ አስቀምጦ አየኝ።

«ሄደህ ምን ልትሠራ? ስቱዲዮው ውስጥ አያስገቡህም፣ በር ላይ ቆመህ ልትቀር ነው» አለኝ። «እዚሁ ሆነህ ከቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶ ለምን አታነሳትም?»

«ከቴሌቪዥን ላይ?»

«አዎ አቦ! ካሜራውን የቴሌቪዥኑ መስኮት ፊት ትተክላለህ፣ ስትወጣ ቀጭ ቀጭ ታደርጋታለህ። ከዚያ አጥበህ ለሰፈሩ ሁሉ ታድላለህ፣ ለእናቷ፣ ለቀበሌው፣ ጅቡቲ ላሉት ዘመዶች ሳይቀር በባቡር እንልካለን። ከቴሌቪዥን ሰው ጎትቶ ያወጣ ፎቶ አንሺ ትባላለህ።»

ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ገባኝ፣ በጣም ገባኝ። እስቲ አስበው፣ ቴሌቪዥን የሚያሳይህ ነገር አንዴ ካለፈ አለፈ ነው፣ እናቲቱ ዐይኗን ስትጠርግ ልጇ ልታመልጣት ትችላለች፣ እኔ ደግሞ ያንን የሚያልፍ ነገር ይዤ በወረቀት አድርጌ በየግድግዳው ላይ ልሰቅለው ነው። ጉዞውን ሰረዝኩት።

ባቡር ጣቢያ ልሸኛት ስሄድ ቀለበት አሰርቼ ይዤ ነበር፣ ሐረር ያለ አንጥረኛ የሠራው ነው፣ ላዩ ላይ ትንሽ አበባ የተቀረጸበት፣ ዐይቼው የማላውቀው ዓይነት ሥራ። እዚያው መሳፈሪያው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጣቷ ላይ አደረግኩላት። እልልታው ቀለጠ። እሷ ቀለበቱን አየችው፣ ከዚያ ባቡሩን አየች፣ እኔን አላየችኝም። አፍራ ነው አልኩ። ጌታሁን ከአጠገቤ ቆሞ ከሁሉም በላይ ያጨበጭብ ነበር።

ከቴሌቪዥን ላይ ፎቶ ማንሳት እንደምታስበው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ስንሞክር ጌታሁን ብልጭታ ለቀቀበት፣ መስታወቱ ላይ ፀሐይ የሚያህል ነጭ ነገር ብቻ ወጣ። ቀጥሎ በፍጥነት የሚዘጋ አድርገን አነሳን፣ የምስሉን ግማሽ ጥቁር መጋረጃ ጋርዶት ተገኘ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ፣ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ አዳራሹን አጨልሞ፣ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ሰው አይወድም፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ እጁን ያወዛወዘውን ግን ጭስ ያደርገዋል። ተወዛዋዦቹ ትንሽ መደብዘዛቸው አይቀርም፣ ግድ የለም፣ መልካቸው ይለያል ብዬ ተውኩት።

ዝግጅቱ የሚተላለፈው እሁድ አመሻሽ ላይ ነበር። ሰው የሰበሰበው ጌታሁን ነው፣ ቤት ለቤት እየዞረ «እንዳትቀሩ» ሲል ዋለ፣ የታመሙት ሳይቀሩ ተደግፈው መጡ፣ የጣቢያው ሰፈር ሰዎች መጡ፣ የቀበሌው ዘበኞች እንኳ በሩን ትተው ውስጥ ገቡ። ሊቀመንበሩ ሣጥኑን ከፈቱ። «ጓዶች ጸጥታ!» አሉ፣ ማን ሊሰማቸው። እኔ ከሁሉም ፊት፣ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ፣ ካሜራዬ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ጌታሁን መጥቶ የካሜራውን እግር አጠበቀልኝ፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «ዐይንህን ከመስኮቱ እንዳትነቅል፣ አንዴ ካመለጠችህ አትደገምም» አለኝ። ከዚያ ፎቶ ቤቱን ልጠብቅ ብሎ ወጣ። እንዴት ያለ ጓደኛ ነው፣ ደስታውን ትቶልኝ ሄደ ብዬ ልቤ እንደ ቅቤ ቀለጠ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ቡድኑ መስኮቱ ላይ ወጣ። አኮርዲዮኑን ደረጀ ይዞታል፣ የቡድኑ መሪ እሱ ነው፣ ልጆቹ ተሰልፈው ገቡና ሰፈሩ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ጮኸ። ሮማን የለችም። ዐይኔን አሸሁ፣ የለችም። እትዬ ዘነበች ከኋላዬ «ልጄስ?» ሲሉ ሰማሁ። ምስሉ በረዶ በረዶ አለ፣ ሊቀመንበሩ ተነስተው ሣጥኑን በመዳፋቸው መታ አደረጉት፣ ምስሉ ሲጠራ ከሰልፉ ዳር፣ በግራ በኩል፣ ሮማን አለች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እመነኝ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም ያየኋት፣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷታል፣ ስትወዛወዝ፣ ትከሻዋን ስትጥል፣ ሁሉን። እናቷ እያለቀሱ «ከሳች፣ አያበሏትም እንዴ» አሉ፣ ሰው ሳቀ።

እኔም እየሳቅኩ እያለቀስኩ ቀጭ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ፣ እሷ ከገባች ጀምሮ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፍቷል። የደረጀ አኮርዲዮን ሲዘረጋና ሲታጠፍ ይታያል፣ አይሰማም። የሚሰማው የአንድ ሰው ጭብጨባ ብቻ ነው፣ የሁለት እጅ፣ ከሌሎቹ ተወዛዋዦች ትንሽ ዘግየት እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠፍ... ጠፍ... ከሕዝቡ መሀል ነው እንዳልል ከፊቴ ነው የሚመጣው፣ ከቴሌቪዥኑ ነው እንዳልል ደግሞ ድምፁ ደረቅና ቅርብ ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ ሰው ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ይመስላል። ያኔ አልፈራሁም። የድምፅ ብልሽት ነው ብዬ፣ መልስ አለኝ አላልኩህም፣ ዐይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ፊልሙን ጨረስኩ።

በማግስቱ ጌታሁን ሥራ አልገባም። ጫት ይዞ በርጫ ላይ አምሽቶ ይሆናል አልኩ። ድሬን የምታውቅ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ሁሉ ዘግቶ እንደሚተኛ ታውቃለህ፣ እኔ ግን መታገስ አቃተኝ፣ ከበረዶ ቤት አንድ ብሎክ በረዶ አስመጣሁ፣ በእኛ ሙቀት የማጠቢያውን መድኃኒት በበረዶ ካላቀዘቀዝከው የፊልሙ ሽፋን ቀልጦ ይላቀቃል፣ በሩን ዘጋሁና ማጠብ ጀመርኩ። ውጪ የጋሪ ድምፅ እንኳ የለም። በረዶው ሳህኑ ውስጥ እየተሰነጠቀ ጠፍ፣ ጠፍ ይላል። በረዶ ነው አልኩ። ትንሽ ቆየና ግን እየተሰነጠቀ ያለው በረዶ ከሳህኑ ሳይሆን ከበሩ ጀርባ የሚሰነጠቅ መሰለኝ፣ እጄን ውኃው ውስጥ እንደነከርኩ ቆሜ አዳመጥኩ፣ ዝም አለ።

ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቼ አየሁት። እንደጠበቅኩት ተወዛዋዦቹ ደብዝዘዋል፣ እጅና ትከሻቸው ጭስ ሆኗል፣ ደረጀም ከነአኮርዲዮኑ የተጠቀለለ ጥጥ መስሏል። ሮማን ግን ጥርት ብላለች። በእያንዳንዱ ምስል ላይ። ለመታወቂያ የተነሳች ይመስል ቀጥ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊት እያየች። ወዳጄ፣ ይህች ልጅ ስትወዛወዝ ነው እኮ ያየናት! ለመወዛወዟ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ምስክር ነው።

አንዱን ወረቀት ላይ አውርጄ መድኃኒቱ ውስጥ ጣልኩት። ወረቀት መድኃኒት ውስጥ ሲገባ ምስሉ አንድ ላይ ነው ቀስ እያለ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ግራጫው ይከተላል፣ ይህን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ይህኛው እንደዚያ አልሆነም። ወረቀቱ ገና ነጭ እንደሆነ መጀመሪያ ዐይኖቿ መጡ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ከዚያ እጇ፣ ከነቀለበቱ፣ ከነአበባው። እሷ ብቻዋን ነጭ ወረቀት ላይ ሆና ካየችኝ በኋላ ነው መድረኩም፣ ሰዎቹም፣ የቴሌቪዥኑ ጠርዝም የመጡት። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ብርድ ብርድ አለኝ። ግን ምን ላድርግ፣ የማገባት ልጅ ናት፣ ደግሞ እንደዚያ አምራ አታውቅም። ለራሴ የሆነ ምክንያት ሰጠሁት፣ ዘወር ስትል ለአፍታ ቆማ ይሆናል ምናምን አልኩ፣ ሁሉንም አጥቤ ሳበቃ አድርቄ በየቤቱ አደልኩ። ሰው ተሻማ። እትዬ ዘነበች የደረሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መረቁኝ።

ቡድኑ የተመለሰ ዕለት ጣቢያው ጢም ብሎ ነበር፣ ጌታሁን ብቻ አሁንም ብቅ አላለም። እትዬ ዘነበች ፎቶዋን ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ደረጀ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ሲወርድ «ሮማንስ?» አልኩት።

«ምን ማለትህ ነው? እዚህ የለችም እንዴ?» አለኝ።

«ከእናንተ ጋር አይደለም የሄደችው?»

«እስከ አዋሽ ነዋ! አዋሽ ላይ ‹አክስቴ ታማብኛለች፣ በሚቀጥለው ባቡር እደርስባችኋለሁ› ብላ ወረደች። ስትቀርብን ወደ ቤቷ የተመለሰች መስሎኝ። አዲስ አበባን አልረገጠችም እኮ።»

እትዬ ዘነበች ሳቁ፣ ቀልድ መስሏቸው። ፎቶውን ዘረጉለት። «ይኸውልህ ልጄ፣ አብራችሁ እየጨፈረች። ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል።»

ደረጀ ፎቶውን ተቀብሎ አየው፣ ዐይኑን አነሳ፣ ደግሞ አየው። «እዚህ ጋ ማንም አልነበረም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእሷን ቦታ የሚሸፍን ሰው አጥተን ክፍቱን ትተነው ነው የሠራነው። እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ይህ ቦታ ባዶ ነበር።» ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

አሮጌ ዝግጅት ቀላቅለው ይሆናል እንዳልል ቀለበቱ አለ፣ ጉዞዋን ስትጀምር እዚያው መሳፈሪያ ላይ ያደረግኩላት ቀለበት። አየህ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አዴር ኢስማኤል ክንዴን ያዙኝ። ባቡር ላይ የሚሠሩ ሶማሌ ናቸው፣ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፣ አዴር የምንላቸው በቋንቋቸው አጎት ማለት ስለሆነ ነው። ወደ ውኃ ማማው ጥላ ወሰዱኝ።

«ዋሪያ ታደሰ፣ እሷን እዚህ አትፈልግ» አሉኝ። «እሁድ ማታ፣ የጅቡቲው ጭነት ባቡር ሊነሳ ሲል፣ ጓደኛህ ይዟት መጣ። በመንገደኛው ባቡር ከአዋሽ ገባች፣ በጭነቱ ወጣች። እኔ ምን አውቃለሁ? ‹ታደሰ ነው የላከን፣ እሱ ይከተለናል› አለኝ ጌታሁን። ወላሂ፣ አንተ የላክሃቸው መስሎኝ ቦታ ያመቻቸሁላቸው እኔ ነኝ።»

እንግዲህ እስቲ አስበው። ባቡሩ በእኛው ጣቢያ ማለፍ አለበት፣ ጣቢያው ሰፈራችን ነው፣ እዚያ የማያውቃት ሰው የለም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ፣ ታማሚው ሳይቀር፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ እናቷ ሳይቀሩ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጨለማ ላይ ተቀምጠው ወደ ሌላ ቦታ ማየት ነበረባቸው። እኔ ደግሞ ካሜራ ኋላ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ «ከቴሌቪዥን ሰው ታወጣለህ»። አብሮኝ ያደገ ሰው፣ የምወደውን ሥራ ወጥመድ አድርጎ፣ በእሱው አስሮ አስቀመጠኝ። እሷ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደማትታይ ያውቃል፣ ባዶ መስኮት እያየሁ ስጠብቅ እንዳመሽ ነበር ሐሳቡ። ሚስት መውሰድ አንድ ነገር ነው፣ ሰውን በደስታው ማሞኘት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም። መስኮቱ ባዶ አልሆነም።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። አገር ጥላ ኮበለለች ማለት ያኔ ቀላል ቃል አይደለም፣ ቀበሌ ጠርቶ ጠየቀኝ፣ ማን ላካት፣ ፎቶውን ለምን በተንህ፣ አሉ። ከዚያ ጎረቤቶቼ መምጣት ጀመሩ። ተሻምተው የወሰዱትን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። «እኔ እንኳ ያን ማታ በደንብ አላየሁም» ይላል አንዱ። «መነጽሬን አልያዝኩም ነበር» ይላል ሌላው። እልል ያሉት ሰዎች ናቸው እኮ! ሊቀመንበሩም በበኩላቸው፣ ራሳቸው ሣጥኑን መትተው ያመጧት ሰውዬ፣ ዝግጅቱን በከፊል ነው የተከታተልኩት አሉ። ያደልኩት ሁሉ ተመልሶ ጓዳዬ ውስጥ ተቆለለ፣ ያልመለሱልኝ እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ሥራ አጥቼ ውዬ የተቆለለውን ሳየው ሁሉም ሮማኖች ወደ ታች ተደፍተው እንደተኙ ይታየኝና እወጣ ነበር።

በመጨረሻ አንዷን አውጥቼ ለአዴር ኢስማኤል ሰጠኋቸው። የጅቡቲ ሰፈሮችን ያውቃሉ፣ እሷንም እንደሚያገኟት አልተጠራጠርኩም። «ምን ልበላት?» አሉኝ። «ምንም አይበሏት፣ ይህችን አሳይተው ይቺ ማን ናት ብለው ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። እልህ ነበር፣ ሌላ ምን ይሆናል። ይቅርታ እንድትለኝ ፈልጌም ሊሆን ይችላል።

አዴር ቆይተው መጡ። ጣቢያው አጠገብ ሻሂ ቤት ቁጭ አልን። የቀረበላቸውን ሻሂ አልነኩትም፣ ዐይናቸው ከእኔ ይሸሻል።

«አገኘኋት» አሉ። «ብቻዋን ናት። ያ ጓደኛህ ትቷት ሄዷል፣ መርከብ ላይ ገባ አሉ፣ የት እንደሄደ አላህ ይወቅ።»

ልቤ ትንሽ ደስ አለው፣ አልዋሽህም። «ፎቶውስ?»

«አየችው። በጣም አየችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ፣ ‹አዴር፣ ይቺን አውቃታለሁ፣ ግን እኔ አይደለሁም።› ‹እንዴት?› አልኳት። ‹ያን ማታ ጭነቱ እስኪነሳ ጌታሁንን ጣቢያ ትቼው ሄጄ ነበር› አለችኝ። ‹አላስቻለኝም። ሻሼን ተከናንቤ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ፣ ዘበኛ የለም፣ ጨለማ ነው፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶኛል። ታደሰ ከፊት ነው። ዞር ካለ፣ ካየኝ እቀራለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄ እቀራለሁ ብዬ ለእመቤቴ ተሳልኩ› አለች። ወላሂ እንዲህ ነው ያለችኝ፣ አልጨመርኩም።»

«እና?» አልኩ።

«‹አልዞረም› አለች። ‹ሣጥኑ ውስጥ የእኔን ፊት የለበሰች ሴት አለች፣ እሷን እያየ ይስቃል፣ ያለቅሳል። እኔን አይቶ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። እሷ ደግሞ እሱን አልነበረም የምታየው፣ በራሱ ላይ አሻግራ እኔን ነበር የምታየኝ። እጇን ቀስ አድርጋ እያጨበጨበች፣ በዐይኗ ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ።›» አዴር ከኮታቸው ኪስ ፎቶውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደፉት። «አልወስድም አለችኝ። ሌላም እንዳትልክላት ብላሃለች። እኔም ከእንግዲህ አልሸከምልህም፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ፎቶውን አላገላበጥኩትም። ዐይኖቿ ወደ ካሜራው ነው ወይስ ከካሜራው በላይ አሻግረው ነው የሚያዩት የሚለውን አንድ ጊዜ በአጉሊ መነጽር ባየው መልስ አገኝ ነበር፣ የእኔ ሥራ ነው፣ አውቅበታለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። እንዲያውም የተመለሱልኝን በሙሉ ከነፊልሙ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቃጠልኳቸው።

ጌታሁን ከዳኝ፣ ሮማን ከዳችኝ፣ ይህን ሰው ያደርገዋል፣ አልቅሼም ተሳድቤም ወጥቶልኛል። ያቺኛዋን ግን ምን እንደምላት አላውቅም። እኔ ምን አድርጌያት ነው? ከየት መጥታ ነው፣ ለማን ብላ ነው ዐይኔን ይዛ ያቆየችኝ? እትዬ ዘነበች እስኪሞቱ ድረስ «ልጄ ያን ማታ ልትሰናበተኝ መጥታ ነው» ይሉ ነበር፣ እኔም እሺ እላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያሾፍብኝ ጠባይ አለኝ። ሰርግ ቤት ሙሽሮች ሲገቡ፣ ልጆቼ የሆነ ነገር ሠርተው «አባዬ እየኝ» ሲሉኝ፣ ቴሌቪዥን ላይ ደስ የሚል ነገር ሲመጣ፣ ሁሉም ወደ ፊት ሲያይ እኔ መጀመሪያ ዞሬ በሩን አያለሁ። ባለቤቴ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ትለኛለች። ማንንም እላታለሁ። በሩ ላይ ማንም የለም፣ እስካሁን ማንም ኖሮ አያውቅም፣ ግን እስክዞር ድረስ አላውቅም።